ብሮኮሊ በቋንጣ፦ ስኳርም ቤከንም የሌለበት የደሴ ሰላጣ

መልእክቱ የመጣው ከአሜሪካ ነው። የላከችው የአክስቴ ልጅ ናት። «እማዬ እዚህ ሳለች አንድ ሰላጣ በጣም ወዳ ነበር። አንቺ ቅርቧ ነሽና ሥሪላት» ትላለች። ከሥሩ ዝርዝሩን ደርድራዋለች። ብሮኮሊ፣ ቤከን፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ዘቢብ፣ የሱፍ ፍሬ፣ አንድ ኩባያ ማዮኔዝ፣ ሁለት ማንኪያ አቼቶ፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር።

ሁለቴ አነበብኩት። አንደኛ፣ አክስቴ ስኳር አለባቸው። ሁለተኛ፣ ቤከን የአሳማ ሥጋ ነው። ደሴ ላይ ይህን ለማን አቀርባለሁ? ክርስቲያኑም አይበላው፣ ሙስሊሙም አይበላው። ወሎ ውስጥ በሥጋ ጉዳይ ሁለቱም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ይኼ ነው።

«ለመሆኑ ለእናትሽ ቤከን አብልተሻል?» ብዬ ጻፍኩላት።

«ኧረ በጌታ! ለእሷ ስሠራ እተወዋለሁ። ግን ሲቀር ሰላጣው ሙት ይሆናል።»

ያቺ «ሙት ይሆናል» ያለቻት ነገር ናት ይህን ያስጻፈችኝ። ሐኪም «ስኳር ቀንሱ» ሲል ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ነው። ስኳሩን እናወጣለን፣ የቀረውን እንዳለ እንተወዋለን። ከዚያ ምግቡ ሲያስጠላን «የበሽተኛ ምግብ» ብለን ከሳምንት በኋላ ወደ ድሮው እንመለሳለን። ስኳሩ እዚያ ሰላጣ ውስጥ ሥራ ነበረው። ቤከኑም እንደዚያው። ሥራቸውን ሳናውቅ ካባረርናቸው ቦታው ባዶ ይቀራል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ኩባያ ስኳር 200 ግራም ገደማ ይመዝናል። ግማሹ 100 ግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ስለሚይዝ፣ ሰላጣው ውስጥ 25 ማንኪያ ስኳር ገብቷል ማለት ነው። በሦስት ማንኪያ ከተጣፈጠ ስምንት ብርጭቆ ሻይ! ስድስት ሰው ቢካፈለው ለእያንዳንዱ አራት ማንኪያ ይደርሰዋል። ሰላጣ ነው እንግዲህ፣ ኬክ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ከውጭ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የመጀመሪያው 50 ግራም፣ ሁለተኛው 25 ግራም አካባቢ ነው። ከአንድ ሳህን ሰላጣ 16 ወይም 17 ግራም ከወሰዳችሁ፣ ለቀኑ ብዙም አልተረፋችሁም። ይህ ጤነኛ ለሆነው ሰው ነው። ስኳር ላለበት ሰው ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ «ያለ ተጨማሪ ስኳር» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንለይ። ብሮኮሊ ራሱ ስኳር አለው። 100 ግራም ብሮኮሊ ውስጥ ወደ 1.7 ግራም ይገኛል። ካሮትም አለው፣ ሽንኩርትም አለው፣ ወተትም አለው። እነዚህ ከተፈጥሯቸው ነው፣ ከአሰርና ከፕሮቲን ጋር ተያይዘው ስለሚመጡም ብዙ አያስጨንቁም። የምናወጣው እኛ ወይም ፋብሪካው ከላይ የነሰነሰውን ነው።

ታዲያ ማርስ? አክስቴ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኼ ነበር። «ልጄ፣ ስኳሩን ትተሽ ማር አድርጊበት። ማር እኮ መድኃኒት ነው።» እኔም እንደዚያ ሲባል ነው ያደግሁት። ግን ማር ከመቶ እጅ 80 ያህሉ ስኳር ነው፣ የተረፈው ባመዛኙ ውሃ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር ይዞ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅትም ማርን የሚቆጥረው ከተጨማሪ ስኳር ጋር ነው። ንብ ሠራችው ተብሎ ጣፊያችን አይራራልንም፣ ማለቴ ቆሽታችን። ቡናማ ስኳርም ያው የነጩ ወንድም ነው።

ዘቢብና ተምር ትንሽ ያከራክራሉ። ሙሉ ፍሬ ስለሆኑ በመመሪያው «ተጨማሪ ስኳር» አይባሉም። ደም ግን መመሪያ አያነብም። ግማሽ ኩባያ ዘቢብ 75 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ከ40 ግራም በላይ ስኳር ነው። ተምርም ደርቆ ሲመጣ ከግማሽ በላዩ ስኳር ነው። ረመዳን ላይ ለማፍጠሪያ አንድ ሁለት ፍሬ መቅመስና ሰላጣ ላይ እፍኝ ሙሉ መበተን አንድ አይደሉም። እኔ ዘቢቡን አውጥቼዋለሁ።

ከሁሉ የሚያናድደው ተደብቆ የሚገባው ነው። ቤከን ራሱ በጨውና ናይትራይት በሚባል ማቆያ ሲታሽ ብዙ ጊዜ ስኳር ይጨመርበታል። የማዮኔዝ ዕቃም ገልብጣችሁ እዩት። ዝርዝሩ በክብደት ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው፣ ብዙው ከፊት፣ ትንሹ ከኋላ። አንድ ጊዜ «ቅባቱ የተቀነሰ» የሚል ገዝቼ ቤት ስገባ ስኳሩ ከእንቁላሉ ቀድሞ ተጽፎ አየሁት። ቅባት ሲወጣ ጣዕሙ ስለሚወጣ፣ ጎዶሎውን በስኳርና በስታርች ይሞሉታል። ስሙንም ይቀያይሩታል። ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮስ፣ ሱክሮስ፣ የበቆሎ ሲረፕ ካያችሁ ያው ነው፣ ሰውየው ኮት ቀይሮ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ስኳሩ እዚያ ሰላጣ ውስጥ ምን ይሠራል? አንደኛ፣ የጥሬ ብሮኮሊን ምሬት ይሸፍናል። ሁለተኛ፣ የአቼቶውን ኮምጣጣነት ያለዝባል። ሦስተኛ፣ ከአትክልቱ ውስጥ ውሃ ስቦ እያወጣ ሲያድር ያለሰልሰዋል። ሁለተኛው ቀላል ነው። አቼቶውን ቀንሱ፣ አለቀ። ከባዱ ምሬቱ ነው፣ እሱን ለመረዳት ደግሞ ከብሮኮሊ ይልቅ ከሰናፍጭ መጀመር ይሻላል።

ያልተቆላ የሰናፍጭ ዱቄት ካላችሁ ትንሽ በጣታችሁ ቅመሱ። መረር ይላል እንጂ መጀመሪያ ላይ አፍንጫ አይመታም። አሁን ጠብታ ውሃ ጨምሩበት፣ ለውሱት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ያኔ ቅመሱት። አናት ላይ ወጣ አይደል? ውሃው ምን አመጣ? ምንም። ነገሩ እዚያው ነበር፣ ግን በሁለት ክፍል ተለያይቶ ነበር። በአንዱ ክፍል ግሉኮሲኖሌት የሚባል ነገር አለ። በሌላው ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ሌላውን ነገር የሚለውጥ ፕሮቲን አለ። ግድግዳው ሲፈርስና እርጥበት ሲያገናኛቸው ነው ያ አናት የሚበጣው ነገር የሚወለደው። ተክሉ ይህን ያዘጋጀው ለእኛ ጥብስ ማጣፈጫ አይደለም፣ የሚበላውን ትል ለማባረር ነው።

ብሮኮሊ የሰናፍጭ ዘመድ ነው። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ የሐበሻ ጎመን፣ ምጣድ የምናስስበት ጎመን ዘር፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ብሮኮሊ ሲቆረጥም ሲታኘክም ያው ግድግዳ ይፈርሳል፣ ያው ጨዋታ ይጀመራል። ልዩነቱ የሚወለደው ነገር ለስለስ ያለ መሆኑ ነው። ከሚወለዱት አንዱ ሰልፎራፌን ይባላል፣ ብሮኮሊ በጤና ጉዳይ ስሙ የሚነሳውም ባመዛኙ በእሱ ነው። ስለዚህ ምሬቱን ሙሉ በሙሉ ካጠፋችሁት የምትፈልጉትንም አብራችሁ ታጠፋላችሁ።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ልጃችሁ «ይመራል» ሲል ሁልጊዜ ቅምጥልነት አይደለም። ምሬትን የሚለይ የምላስ ተቀባይ በዘር ይለያያል። እናት ምንም ሳይመስላት ልጅ ሊያንገሸግሸው ይችላል። በእኛ ቤት እኔ ከሚያንገሸግሻቸው ወገን ነኝ፣ ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ በራሴ ምላስ የተፈተነ ነው።

ምሬትን ያለ ስኳር የሚያለዝበው የመጀመሪያው ነገር ሙቀት ነው። የፈላ ውሃ ውስጥ አፍታ ነከር አድርጎ ማውጣት። ብዙ ከቆየ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ቫይታሚን ሲው ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ቀለሙም ወደ ወታደር ልብስ ይሄዳል። አፍታ ከሆነ ግን የጥሬ ሽታው ይጠፋል፣ ቀለሙ ይበራል። የሚበራው በሴሎቹ መካከል የነበረው አየር ስለሚወጣ ነው።

እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በሐረጎ ቁልቁለት ስትወርዱ ጆሯችሁ የሚደፈነው ለዚህ ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃም በትንሽ ሙቀት ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፣ ኮምቦልቻ 94 አካባቢ። ባህር ዳርቻ ያለ ሰው የጻፈው «አንድ ደቂቃ» 100 ዲግሪ ላይ የተለካ ነው። ስለዚህ እኔ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ሆኜ ደቂቃ ተኩል አቆየዋለሁ፣ ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ደቂቃ ከሩብ ይበቃታል። ለብሮኮሊ ልዩነቱ የሰከንዶች ነው። ለባቄላ ሲሆን ግን እንጨት ያስጨርሳል፣ የደሴ እናቶች ባቄላ ሲቀቅሉ ለምን እንደሚማረሩ አሁን ገብቷችኋል።

ከማውጣታችሁ በፊት ቀዝቃዛ ውሃ አዘጋጁ። ብሮኮሊው ከእሳት ቢወጣም በውስጡ ያለው ሙቀት ማብሰሉን አያቆምም። የደሴ ውሃ ጠዋት ላይ እጅ ያቆራምዳል፣ በረዶ አያስፈልገውም። ኮምቦልቻ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ውሃ ያስፈልጋችኋል። ይህ ውሃ የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ይሁን። ቀቅላችሁ ያጸዳችሁትን መልሳችሁ በሚያጠራጥር ውሃ መንከር ልፋት ነው። በፈላ ውሃ መንከሩን የምወድበት ሌላው ምክንያትም ንጽሕናው ነው። የቦርከና ወንዝ የሁለቱን ከተሞች እድፍ ይዞ ነው የሚወርደው፣ አትክልቱ በየትኛው ውሃ እንደጠጣ ገበያ ላይ ማንም አይነግራችሁም። የብሮኮሊ ራስ ደግሞ ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ክምር ነው። ትልም አፈርም ይደብቃል። መጀመሪያ ሰንጥቃችሁ ለአሥር ደቂቃ ጨው በበዛበት ውሃ ዘፍዝፉት፣ ትሉ ራሱ ወጥቶ ይንሳፈፋል። አትጩሁ።

ሁለተኛው የምሬት መድኃኒት ጨው ነው። ጨው አያጣፍጥም፣ ግን ምሬትን ይደብቃል። በገጠሩ ቡና በጨው የሚጠጡ አያቶች ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል። ሦስተኛው ቅባት ነው፣ ምላስ ላይ ተነጥፎ ምሬቱን ያራርቀዋል። አራተኛው ሰው የሚጥለው ነገር ነው፣ አገዳው! የብሮኮሊን ወፍራም አገዳ የውጭ ቅርፊቱን በቢላ ግፈፉት። ውስጡ ነጣ ያለ፣ ውሃ ያዘለ፣ ከአበባው ይልቅ የሚጣፍጥ ነው። እሱን እንደ ክብሪት እንጨት አቅጥናችሁ ከአንድ የተፈገፈገ ካሮት ጋር ብትጨምሩት፣ ሰላጣው ጣፈጥ ማለቱ አይቀርም። ብሮኮሊ ስትገዙ አረንጓዴውና ጥቅጥቅ ያለው ይሁን። ቢጫ ካበቀለ አበባው ሊፈነዳ ነው፣ አርጅቷል። ደሴ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም፣ እኔ ፒያሳ ያለችው አትክልት ሻጭ ጋ ቀድሜ እነግራለሁ። ካጣችሁ አበባ ጎመን ያው ሥራ ይሠራል።

ቤከኑ ላይ እንምጣ። ይህ የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ሰላጣው ውስጥ የሚሠራውን አራት ነገር አገኘሁ። ጨው፣ ጭስ፣ ስብ፣ ጥርስ ላይ ቀጭ የሚል ነገር። በተጨማሪም ሥጋ ሲደርቅ የሚመጣው ያ ጥልቅ የሥጋ ጣዕም አለ። እነዚህን ወረቀት ላይ ጽፌ ጣሪያ ሳይ ምን አየሁ መሰላችሁ? ቋንጣ። ገመድ ላይ ተሰቅሎ።

ቋንጣ ጨው አለው። የሥጋ ጣዕሙ ውሃው ስለተነነ ተጠራቅሟል። ሲጠበስ ቀጭ ይላል። ስኳር አይነካውም። የሚጎድለው ስብና ጭስ ነው። ስቡን በዘይት እንተካዋለን። «በቅቤ ልጥበሰው» እንዳትሉ፣ ሰላጣው ቀዝቃዛ ስለሆነ ቅቤው ይረጋል፣ የላንቃ ጣሪያ ላይ ይለጠፋል። የላምና የበግ ሞራማ ከዚያም የባሰ ነው።

መጀመሪያ ስሠራ አበላሽቼዋለሁ። በበርበሬ የታሸ ቋንጣ በወፍራሙ እየቆረስኩ ሞቃት ዘይት ውስጥ ጨመርኩት። በርበሬው በሰከንድ ከሰል ሆነ። እንዲያውም ምሬትን ለማጥፋት ስንት ስለፋ አዲስ ምሬት አመጣሁ። ሥጋውም ጥርስ የሚነቅል ሆነ። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። በጨውና በጥቂት ሚጥሚጣ ብቻ የታሸ፣ ስስና በደንብ የደረቀ ቋንጣ እመርጣለሁ። ሲታጠፍ ካልተሰበረ አልደረቀም። ላዩን አራግፌ በሙቀጫ መታ መታ አደርገዋለሁ፣ የጥፍር ያህል እስኪሆን። ዘይቱ ሞቅ ሲል፣ ሳይጨስ፣ እጨምረዋለሁ። ቀለሙ ጠቆር ሲልና ድምፁ ሲቀንስ አወጣዋለሁ። ድምፁ የሚቀንሰው ውስጡ የቀረችው ውሃ ስላለቀች ነው። በወረቀት ላይ አፈሰዋለሁ፣ ሲቀዘቅዝ ቀጭ ይላል። ቋንጣ ደግሞ ከኮምቦልቻ ቢመጣ ይመረጣል፣ እዚያ ቶሎ ይደርቃል። ደሴ በክረምት ጉም ውስጥ ቋንጣ ስቀሉና ሻጋታ ቁጠሩ።

ጭሱ ነው ያስቸገረኝ። ከዚያ አክስቴ እርጎ ሲቀዱ ሽታው መጣ። ወይራ! የወተት ዕቃ በወይራ የምናጥነው ለዚህ ቀን ይመስል ነበር። የወይራ ፍልጥ ጫፉን አቀጣጥዬ ነበልባሉን አጠፋሁት። እየጨሰ ቅሉ ውስጥ ከተትኩት፣ አፉን በጨርቅ ደፈንኩት። ጭሱ በጨርቁ ዳር ዳር ሲያመልጥ ቤቱ በሙሉ የአያቴን ቤት ሸተተ። ከሰሉን አራግፌ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወልውዬ፣ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ወተት ከጥቂት እርሾ እርጎ ጋር ጨመርኩበት። ወተቱን ማፍላቱን አትዝለሉት፣ ጥሬ ወተት የሚያመጣውን በሽታ ለሰላጣ ብሎ መቀበል ሞኝነት ነው። በማግሥቱ እርጎው ጭሱን ይዞ ረጋ። ቤከን ያንን ጭስ የሚያገኘው ከእንጨት ነው። እኛም ከእንጨት አገኘነው።

ይህ እርጎ የማዮኔዙንም ቦታ ይይዛል። ማዮኔዝ ማለት ዘይትና ኮምጣጤ በእንቁላል አስኳል አማካይነት ተስማምተው እንዲኖሩ የተደረገበት ነገር ነው። ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል፣ ስኳርም አይፈልግም። ግን አስኳሉ ጥሬ ነው። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ደግሞ ማቀዝቀዣን ሙሉ በሙሉ ማመን ይከብዳል። ስለዚህ እርጎውን በነጠላ ጨርቅ ቋጥሬ ሦስት አራት ሰዓት አንጠለጥለዋለሁ። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፣ የቀረው እንደ ማዮኔዝ ይወፍራል። ለቅባቱ አንድ የበሰለ አቮካዶ እፈጭበታለሁ። አቮካዶ ስኳሩ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፣ እኛ ነን በጁስ ቤት ስኳር የምናጎርሰው።

ለስድስት ሰው ስሠራ መጠኑ ይኼን ይመስላል። ሁለት መካከለኛ ራስ ብሮኮሊ፣ ከነአገዳው ወደ 700 ግራም። አንድ ሊትር ወተት ረግቶ ሲጠል የሚተርፈው እርጎ ግማሽ ያህሉ። አንድ አቮካዶ። አንድ ትንሽ ካሮት። ግማሽ ቀይ ሽንኩርት በስሱ ተከትፎ በአንድ ሎሚ ጭማቂ ለሩብ ሰዓት የተዘፈዘፈ፣ ሎሚው የሽንኩርቱን ቁጣ ያበርድለታል። አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት። አንድ እፍኝ የተቆላ ኦቾሎኒ ወይም የሱፍ ፍሬ። ሁለት እፍኝ ቋንጣ። ጨው አልጨምርም፣ ቋንጣው ይዞት መጥቷል።

አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭም አለ። ያልተቆላ፣ አዲስ የተፈጨ ይሁን። ይህቺን ለጣዕም ብቻ አይደለም የማስገባት። ብሮኮሊውን ስንነክረው ያዳከምነው ማይሮሲኔዝ በሰናፍጩ ውስጥ በሕይወት አለ። ዘመድ ለዘመድ ይደርሳል፣ የቆመውን ሥራ ያስቀጥላል። የተቆላ ሰናፍጭ ግን ኢንዛይሙ ሞቷል፣ ለዚህ አይሆንም። ሌላው ዘዴ ብሮኮሊውን ቆራርጦ ከመንከር በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ሰልፎራፌኑ ያኔ ተሠርቶ ያልቃል፣ እሱ ደግሞ ለሙቀት ከኢንዛይሙ ይሻላል።

ብሮኮሊው ከቀዝቃዛው ውሃ ሲወጣ በደንብ ይጠንፈፍ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይደረቅ። ሁለተኛ ሙከራዬን ያበላሸሁት እዚህ ነው። ቸኩዬ እርጥቡን ለወስኩት፣ ከሳህኑ ሥር ሐይቅ ተኛ። እርጎና አቮካዶ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ ይመቱ፣ ሽንኩርቱ ከነሎሚው ይግባ። ብሮኮሊና ካሮቱ ይለወሱበት። ከመቅረቡ ብዙ ቀድማችሁ አትለውሱት። የሎሚውና የእርጎው አሲድ ክሎሮፊል ከሚባለው አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ማግኒዥየሙን እያስወጣ አረንጓዴውን ያጠወልገዋል። ቋንጣውና ኦቾሎኒው መጨረሻ ላይ፣ ገበታ ላይ እንዳለ ይበተኑ፣ አለዚያ ይርሳሉ።

ሒሳቡን መልሼ ሠራሁት። ከብሮኮሊው 12 ግራም፣ ከካሮቱ 4፣ ከሽንኩርቱና ከሎሚው 4፣ ከእርጎው 10 ያህል። ሁሉም ተደምሮ 30 ግራም ገደማ የተፈጥሮ ስኳር፣ ለስድስት ሲካፈል 5 ግራም። ከውጭ የገባ ዜሮ። የመጀመሪያው ሰላጣ ስኳሩና ዘቢቡ ብቻ ተደምረው በሰው ከ20 ግራም በላይ ነበሩ።

ስኳር ላለበት ሰው ሁለት ነገር ልበል። ሰላጣው መድኃኒት አይተካም። ስኳር የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የለመደውን ጣፋጭ ድንገት ሲያቆም ስኳሩ ከሚገባው በታች እንዳይወርድበት መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስድም እንዲሁ። ብሮኮሊ ቫይታሚን ኬ ስለሚበዛበት ከመድኃኒቱ ጋር ይጣላል። አንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ሌላ ሳምንት ጭራሽ ማድረግ አይሆንም።

ለረቡዕና ለዓርብ ደግሞ እርጎውና ቋንጣው ይቀራሉ፣ አቮካዶው ሁለት ይሆናል፣ የሽምብራ ቆሎ በሚጥሚጣ ይበተንበታል። ጥሩ ነው፣ ግን ጭሱ ይናፍቃል።

እሑድ ዕለት ቀረበ። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፣ ተጠርተው ነበር። ብሮኮሊው በአንድ ትልቅ ሳህን፣ ቋንጣው ግን በሁለት ትናንሽ ጎድጓዳ ሳህን። አንዱ የእኛ ነው። ሁለተኛውን ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው፣ «አብሽሪ፣ ቋንጣውን እኔ አመጣለሁ» ብለው በዋዜማው ነግረውኝ ነበር። እኔም ዘይቱንና መጥበሻውን ለይቼ ጠበስኩላቸው። በዚች ከተማ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ገበታ እንዴት እንደሚዘረጋ እዚህ ሰው የሚማረው ገና በልጅነቱ ነው።

አክስቴ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ዝም አሉ።

«እትዬ፣ ስኳር ይጎድለዋል?»

«ስኳር ነበረው እንዴ?» አሉ።

ፎቶውን ለልጃቸው ላክሁት። መልሱ በደቂቃ መጣ። «ቋንጣውን በሰው ላኪልኝ!» ሥጋ እዚያ አያስገቡልሽም አልኳት። የሚሄድ ሰው ሳገኝ ሰናፍጩን እልክላታለሁ። ያልተቆላውን።